ክራሯን ይዛ ነውርን የከፈለችው አስናቀች ወርቁ

ከወልድያ ተነስታችሁ ወደ ደሴ ስትሄዱ መርሳን ታልፋላችሁ፣ ውርጌሳን ታልፋላችሁ፤ ውጫሌ ስትደርሱ አምባሰል ገብታችኋል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ደግሞ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ባቲ አለች። እነዚህን ሁለት ስሞች ከመንገድ ምልክት ላይ ብቻ የምታውቋቸው ከሆነ እስቲ ዛሬ ጆሯችሁን ስጡኝ። ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። የቀሩት ትዝታና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ከአምስት ድምፅ ውስጥ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ፍቅር፣ ያ ሁሉ ናፍቆት የሚወጣው።

ዛሬ የማወራችሁ በእነዚህ ቅኝቶች ስለኖረች አንዲት ሴት ነው። የሐብሩ ልጅ አይደለችም፤ የወልድያም አይደለችም። አዲስ አበባ ናት፣ የስድስት ኪሎ ልጅ። ግን ከእኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ተነስታ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ ስትል ቤተሰቡ ለምን እንደሚደነግጥ፣ ደግሞም ያ ድንጋጤ ለምን ከድሮው ቀንሶ እንደመጣ ለመረዳት የእሷን ሕይወት ማወቅ ያስፈልጋል። ስሟ አስናቀች ወርቁ ይባላል። የሚወዷት አስኒ ይሏታል። ድምፃዊት፣ ክራር ደርዳሪና ተዋናይት ነበረች። በዕድሜ የአያቶቻችን እኩያ ስለሆነች አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን መድረክ ላይ የወደድነውን ሰው አንቺ ማለት እኛ አገር ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። ስለዚህ እሷ እያልኩ ልቀጥል።

ያለ እናት ያደገች ልጅ

አስናቀች የተወለደችው በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ዋዜማ ገደማ ነው። እናቷን ያጣችው ገና በሕፃንነቷ ሲሆን ያሳደገቻት የክርስትና እናቷ ናት። በዚያ ዘመን ወላጅ የሌላት ሴት ልጅ የሚጠብቃት ዕጣ የታወቀ ነው፤ ቶሎ መዳር፣ ወይም በሰው ቤት ሥራ እየሠሩ መኖር። ርስት የላትም፣ የሚከራከርላት ዘመድ የላትም፣ ትምህርት ቤቱም ቢሆን በዋናነት ለወንድ ልጅ ነበር።

እሷ ክራር ያዘች።

ይሄ አሁን ሲነገር ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ክራር መያዝ ራሱ ነገር ነበረው። በአበው አፈ ታሪክ በገና ለዳዊት ከእግዚአብሔር የተሰጠ የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ክራር ግን የሴት ውበት ማሞገሻ፣ የዘፈንና የመጠጥ ቤት፣ ሲብስም የሰይጣን መሣሪያ ይባላል። ክራር የያዘ ወንድ ዱርዬ ከተባለ፣ ክራር የያዘች ሴት ምን እንደምትባል መገመት አያቅታችሁም። ከእሷ በፊት ክራር ይዘው ስም ያወጡ ሴቶች አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ሜሪ አርምዴን የመሰለች ሴት ነበረች። ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ዋጋ የከፈሉ ናቸው።

ወንዶች ቀሚስ የለበሱበት መድረክ

ኢኮኖሚክስ ስንማር ሥራ ሁሉ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ስምም እንዳለው ብዙ አልተነገረንም። እኛ አገር ግን ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ የሚዘፍነውን ሁሉ ስም አውጥተንለት ኖረናል። በሸክላው ወጥ እንሠራለን፣ በማረሻው እናርሳለን፣ ሸማውን እንለብሳለን፣ ያለ አዝማሪ ሠርግ አይደምቅልንም፤ ልጃችንን ግን ለእነሱ አንድርም ነበር። ዕቃውን እንገዛለን፣ ሠሪውን እንሰድባለን።

እኔ ነውርን የማየው እንደ ግብር ነው። በአንድ ሥራ ላይ ከባድ ግብር ከተጫነ ሰው ከዚያ ሥራ ይሸሻል። በመድረክ ሥራ ላይ ለሴት የተጫነው የነውር ግብር በጣም ከባድ ስለነበር ገበያው ውስጥ ሴት ጠፋች። ውጤቱ ምን ሆነ? በጣም የሚያስቅ ነገር። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1910ሮቹ ነው የታየው። ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዓመታት መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ስታስፈልግ የሚጫወታት ወንድ ነበር። ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ። ተመልካቹም ያንን እያየ እናትየዋ ስታለቅስ ያለቅሳል፣ ሙሽራዋ ስትሽኮረመም ይስቃል።

አስናቀች በዚህ መሃል ገባች። በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ «የፍቅር ጮራ» በተባለ ቴአትር ላይ መድረክ ወጣች። ዛሬ ስሟ ሲነሳ በአገሪቱ በሙያዋ መድረክ ከወጡ የመጀመሪያዎቹ ተዋናይት ሴቶች ተርታ የሚጠራውም ለዚህ ነው። አስቡት፤ ከዚያች ቀን በፊት የሴት ልቅሶ በወንድ ጉሮሮ ነበር የሚለቀሰው።

ቴአትር ቤቱ ደመወዝ ይከፍላል

ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያንን ወረራ ለመመከት ሕዝብን ለማነቃቃት። ከነጻነት በኋላ ዘፈኑም ድራማውም እዚያ አደገ። ከዚያ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ለአስናቀች ዋናው የሥራ ቤት የሆነው ይሄ ቴአትር ነው።

የያኔ ቴአትር ቤት እንደ ዛሬው አልነበረም። አንድ ምሽት ላይ ድራማም አለ፣ ዘፈንም አለ፣ ውዝዋዜም አለ። ድምፃዊው በድራማው ውስጥ ይተውናል፣ ተዋናዩ በዘፈኑ ውስጥ ይገባል። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ በልጅነቱ የጀመረው ሀገር ፍቅር ነው። ስለዚህ አስናቀች ዘፋኝ ሆና ትወና ሞከረች፣ ወይም ተዋናይ ሆና ዘፈን ሞከረች ማለት ልክ አይሆንም። ሁለቱም አንድ ሙያ ነበሩ። ክራሯን ስትደረድር ፊቷ ይተውናል፤ ስትተውን ድምፏ ይዘፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይወራም። አዝማሪ የሚኖረው በሽልማት ነው። በደስታ ቀን ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፣ ባልተለጠፈለት ቀን ጦሙን ያድራል። ቴአትር ቤቱ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ወር ሲደርስ ፊርማ ተፈርሞ ደመወዝ ይወሰዳል። ደመወዙ ብዙ ባይሆንም ስሙን ቀየረው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነችን ሴት በአደባባይ መስደብ በሸራ ቤት የምትዘፍነውን እንደመስደብ አይቀልም። አርቲስት የሚባለው ቃል ከአዝማሪ የተለየ ክብር ይዞ እንዲመጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይሄ የወር ደመወዝ ይመስለኛል። ግን ደመወዙ ብቻውን አይበቃም ነበር። መጀመሪያ ፊርማውን ለመፈረም የደፈረች ሴት ታስፈልግ ነበር።

ክራር፣ ቅኔና ጌታመሳይ

አሁን ወደ ሙዚቃዋ እንምጣ። ከዘፈኖቿ ሁሉ ስሟን ይዞ የቀረው «እንደ ኢየሩሳሌም» ነው። ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ስሙት። ኦርኬስትራ የለም፣ የሚያደነቁር ከበሮ የለም። ክራሯና ድምጿ ፊት ለፊት ናቸው። ድምጿ እንደ አንዳንድ ታላላቅ ድምፃውያን ሰማይ የሚነካ አይደለም። ይልቅ ጎንህ ተቀምጣ የምታወራህ ነው የሚመስለው። ቃሉን ትጎትተዋለች፣ ታቆመዋለች፣ መሃል ላይ ትስቃለች፣ ክራሩን ራሱን ታናግረዋለች። ግጥሟ ሰምና ወርቅ አለው፤ ስትሳደብ ታቆላምጣለች፣ ስታቆላምጥ ትወጋለች።

ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲቀባበሉ የነበረው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ በማሲንቆ አንድ ስንኝ ይወረውራል፣ እሷ በክራር ትመልሳለች። እሱ ይነካካታል፣ እሷ ትብስበታለች። ተመልካቹ ማን ያሸንፍ ይሆን እያለ ይጠብቃል። በእኛ ሰፈር ሠርግ ላይ አይታችሁ ከሆነ፣ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ የሚገጥሙትን ታውቁታላችሁ። እሷ ያንን ነገር ነው ወስዳ ብሔራዊ ቴአትር ያወጣችው። ያ ሁሉ ደግሞ ትወና ነው፤ መነሻው ድርሰት ቢሆንም ባይሆንም ሁለት ገጸ ባሕርያት አሉበት፣ ግጭት አለበት፣ መፍቻ አለው።

የውጭ የጃዝ አድማጮች ሙዚቃዋን ሲሰሙ ወዲያው የሚገባቸው ለዚህ ይመስለኛል። ጃዝ ማለት በአጭሩ ዜማውን ይዞ በዚያችው ሰዓት አዲስ ነገር መፍጠር ነው። ክራር የያዘ የአገራችን ሰው ያንን ሲያደርግ ኖሯል፣ ስም አልሰጠነውም እንጂ። ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን የእኛን ድምፆች ከጃዝ ጋር አዋህዶ ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥር መሠረቱ ያደረገው እነዚሁኑ ቅኝቶች ነው።

ለማነጻጸር አንድ ስም ላንሳ። ቢሊ ሆሊዴይ የአሜሪካ ታላቅ የጃዝ ድምፃዊት ናት። እ.አ.አ. በ1947 «ኒው ኦርሊንስ» በተባለ ፊልም ላይ እንድትሠራ ተጠራች። የተሰጣት ክፍል ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የቤት ሠራተኛ። ያ ሁሉ ዝና ያላት ሴት ቆዳዋ ጥቁር ስለሆነ ካሜራ ፊት ስትቆም ሌላ ቦታ አልተገኘላትም። እዚያ በሩን የዘጋው ቀለም ነው። እኛ ጋ በሩን የዘጋው ሴትነትና አዝማሪ የሚለው ስም ነው። የበሩ ዓይነት ቢለያይም በሁለቱም በኩል ተሰጥኦ ብቻውን ቁልፍ አልሆነም።

ሸክላው የማን ነበር?

እስቲ አሁን ስለ ገንዘብ እናውራ፤ ካላወራሁ የተማርኩት ትምህርት ያኮርፈኛል።

በዚያ ዘመን ሸክላ ማሳተምና ማስመጣት እንዲሁ ገበያ የሚገባበት ሥራ አልነበረም። መብቱ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ ውስጥ ድምፃዊው መደራደር አይችልም፤ ወይ የተሰጠውን ይቀበላል፣ ወይ ድምፁ ሳይቀረጽ ይቀራል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ይሄንን ሰብሮ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። እስር ቤት ሊያስገባው የሚችል ነገር ነበር፤ ግን አደረገው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን የምንለው ሙዚቃ፣ የእነ ዓለማየሁ እሸቴ፣ የእነ ብዙነሽ በቀለ፣ አብዛኛው ከዚያ ቀዳዳ የወጣ ነው። የወልድያው ልጅ አያሌው መስፍንም ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር የእኛን ቅላጼ ከአሜሪካ ፈንክ ጋር ያጋጨው በዚያው ዘመን ነው። ከዚህ ከተማ የተነሳ ሰው ዛሬ በውጭ አገር የሸክላ ሱቆች ይሸጣል፤ ስንቶቻችን እናውቃለን?

የአስናቀች ዋና ዋና ቅጂዎችም የወጡት በ1960ዎቹ መገባደጃ ነው። ጊዜው ግን የከፋ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሌሊት ክበቦች ጭር አሉ። ማታ ወጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ ማታ የሚጫወት ባንድም የለም። ሸክላ ቀስ በቀስ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴት ደግሞ በአንድ ሌሊት በቤት ውስጥ ይባዛል። ብዙዎች ተሰደዱ። እሷ እዚሁ ቀረች።

በዚያን ጊዜ ወሎ በድርቁ ስሟ የሚነሳ አገር ሆና ነበር። ነገር ግን ደሴ ላይ ላሊበላ የኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሠን ይዞ አምባሰልና ባቲን ዳር እስከ ዳር አሰማ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ቆማ በሙሉ ድምጿ ስትዘፍን የሚያፍርባት ሳይሆን የሚኮራባት አገር መታየት ጀመረ። ይሄ በአንድ ሰው የመጣ አይደለም። ግን ከዓመታት በፊት ስድስት ኪሎ የተወለደች አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ የነውሩን ግብር ቀድማ ባትከፍል ኖሮ ለሚቀጥሉት ይረክስላቸው ነበር? አይመስለኝም።

ዘግይቶ የመጣ ዝና

በ1990ዎቹ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የድሮ ሙዚቃዎቻችንን በሲዲ እየሰበሰበ ማውጣት ጀመረ። 16ኛው ቅጽ የአስናቀች ነው፤ ክራር የያዘችው እመቤት የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ። በፓሪስና በለንደን ያሉ ሰዎች ቃሉ አንድም ሳይገባቸው ድምጿን ወደዱት። የሚገርመው ነገር ያኔ እሷ በሕይወት አለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ታማ፣ ከሰው ዐይን ርቃ።

የመጨረሻ ዓመታቷን በሕመም አሳልፋለች። ያ ሁሉ አዳራሽ የሳቀላት፣ በአለባበሷና በውበቷ ከተማው ያወራላት ሴት አልጋ ላይ ዋለች። በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት በገባ በቀናት ውስጥ፣ አረፈች። ከሞተች በኋላ በራሄል ሳሙኤል የተሠራው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ እሷን በአካል ያላየ የእኛ ትውልድ ፊቷን፣ ሳቋንና ጨዋታዋን ሊያይ የቻለው በዚያ ነው።

ስለ ቅጂ መብት ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣው፣ አዋጅ ቁጥር 410፣ በ1996 ዓ.ም. ነው። ድርሰቱን የጻፈው ብቻ ሳይሆን የዘፈነውና የተወነውም ሰው መብት እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሸክላዎቿ ከታተሙ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ መጣ። አሁን ዩቲዩብ ላይ ብትፈልጉ ዘፈኗን ማን እንደጫነው የማይታወቅ ስንት ገጽ አለ። በእያንዳንዱ ላይ ማስታወቂያ ይታያል። ገንዘቡ የት ይሄዳል? ቢያንስ ክራሩ ጋ አይመለስም።

ኢኮኖሚስቶች አንድ ሰው በከፈለው ዋጋ ሌላው በነጻ ሲጠቀም ለነገሩ ስም አላቸው። አረንቋ ላይ መጀመሪያ የሚሄደው ሰው ይጠልቃል፤ የሱን ዳና የሚከተለው ግን የት እንደሚረግጥ ያውቃል። አስናቀች ያንን መንገድ ቀድማ ሄደች። ዛሬ ፊልም የምትሠራ፣ ክሊፕ የምታወጣ፣ ቲክቶክ ላይ አምባሰል የምታንጎራጉር ልጅ ሁሉ በዳናዋ ላይ ናት፤ ስሟን ብታውቅም ባታውቅም።

ግብሩ ግን ቀነሰ እንጂ አልተነሳም። አሁንም መርሳ ላይ፣ ውርጌሳ ላይ፣ ወልድያ ላይ ድምፅ ያላት ልጅ ቪዲዮ ስትለቅ ከታች የሚጻፍላትን አስተያየት አንብቡት። ስለ ድምጿ ከሚያወራው ስለ ጠባይዋ የሚፈርደው ይበዛል። ወንዱ ሲዘፍን ጎበዝ ይባላል፤ እሷ ስትዘፍን የማን ልጅ ናት ይባላል። ያ አስተያየት ድሮ ክራር የያዘችን ሴት ይሰድብ የነበረው ሰው ነው፤ አሁን ስልክ ገዛ እንጂ አልተለወጠም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ አስተያየት ለመጻፍ ጣታችሁ ሲዳዳ «እንደ ኢየሩሳሌም»ን አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ስሙና ከዚያ ወስኑ። ሁለተኛ፣ በየሰፈራችሁ ሠርግ ላይ እየተቀባበሉ ግጥም የሚያወርዱ እማማዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ የሚያውቁትን ስንኝ ሌላ ሰው አያውቀውም። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ስልካችሁን አውጡ፣ ቅረጿቸው፣ ስማቸውንም ከቅጂው ጋር ጻፉ። ባለቤቱ ያልተጻፈበት ዘፈን የማንም ይሆናል፤ የማንም የሆነ ነገር ደግሞ ቶሎ ይጠፋል።